ጨፌውን ያደረቅሁት እኔ ነኝ

ባለፈው ወር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን ከእኛ ሁለት ወረዳ ማዶ የልማት ሰራተኛ ሆኗል። «ቲቸር፣ የቀበሌው ሰው ረግረጉን አጠንፍፈን በቆሎ እንዝራበት እያለ ነው። እርስዎ ከዚህ በፊት ያዩት ነገር አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለኝ። ስልኩን ይዤ ትንሽ ዝም አልኩ። ያየሁትማ አለ። ከሰዓት በላይ አወራን። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ግን ያልነገርኩት ብዙ ነገር ትዝ አለኝ። እሱን ነው እዚህ የምጽፈው። ከቤታችሁ በታች ረግረግ ያላችሁ ሰዎች፣ ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት አንብቡልኝ።

የተወለድኩት ወሎ ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ መንግስት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ የእኛም ቤተሰብ ኢሉባቦር ወረደ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከመኪናው እንደወረደ መጀመሪያ ያደረገው ነገር አፈሩን በእጁ ማፈስ ነው። ጨበጠው፣ አሸተተው፣ ከዚያ አለቀሰ። ውሃ ፍለጋ ሌሊት ከሚነሳበት አገር መጥቶ፣ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር የሚዘንብበት አገር ላይ ቆሞ ነበር።

ከሰፈራችን በታች፣ በሁለት ኮረብታ መሃል፣ ጨፌው፣ ማለትም ረግረጉ፣ ተኝቷል። ቄጠማው ከሰው ወገብ በላይ ነው። ስትረግጡት መሬቱ ከእግራችሁ ስር ይንቀጠቀጣል። የአገሩ ሰዎች፣ ኦሮሞዎቹ ጎረቤቶቻችን፣ ቄጠማውን አጭደው ቤት ይከድኑበታል። ከሳር ክዳን ይልቅ ይቆያል ይላሉ። ለበዓልና ለቡና ይጎዘጉዙታል፣ ገበያም ያወጡታል። ሴቶቹ ከጨፌው ዳር ከሚፈልቁት ምንጮች ይቀዳሉ። በጨፌው ጠርዝ ላይ ደግሞ በጥር ትንሽ ትንሽ ቦይ እየቀደዱ በቆሎ ይዘራሉ። የጎተራው እህል በሚያልቅበት በሐምሌ እሸት ይደርስላቸዋል። ቦይ መቼ እንደሚከፈት፣ የማን ቦይ በየት እንደሚያልፍ፣ መቼ እንደሚዘጋ የሚያስተባብር ሽማግሌ አላቸው። አባ ለጋ ይሉታል፣ የወንዙ አባት እንደማለት ነው።

እኛ ይሄ ሁሉ አልታየንም። አባቴ ጨፌ ሲባል የሚያውቀው ወሎ ያለውን የቦርከናን ጨፋ ነው። እዚያ በበጋ ከብት ይዞ የሚወረድበት ሰፊ ሜዳ ነው። ስሙ ተቀራረበ እንጂ ጠባዩ ለየቅል ነበር። ለእኛ ለሰፋሪዎቹ የኢሉባቦሩ ጨፌ አለቅት የሚራባበት፣ ከብት የሚሰምጥበት፣ ሰው ሳያርሰው የተረፈ መሬት ነበር።

በ1990 ዓ.ም. አባቴ ደከመና መሬቱን እኔ ተረከብኩ። በሰፈሩ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር፣ ደመወዜ ግን ወር አይሞላም። የዚያን ሰሞን ረግረግ ይታረስ የሚል ዘመቻ ነበር። ስብሰባ ላይ አንድ ባለሙያ ወደ ጨፌው እያመለከተ «ይህን የመሰለ መሬት እንዴት ጦሙን ያድራል?» አለን። እኔ ከፊት ወንበር ነበርኩ፤ አጨበጨብኩ። የተማርኩት እኔ ነኝ ብዬ አስራ አምስት ሰፋሪዎችን አስተባበርኩ። ጠርዙን ብቻ ሳይሆን ከጨፌው ራስ እስከ መውጫው መሃል ለመሃል የሚሰነጥቅ አንድ ትልቅ ቦይ ቆፈርን። ጥልቀቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። አፈሩ ጥቁር ነበር፣ የበሰበሰ ቄጠማ እርስ በርሱ ተደራርቦ የተጋገረ። በአካፋ ስንቆርጠው ሥሩና ቅጠሉ ገና ይለያል።

በሦስተኛው ቀን አባ ለጋው መጡ። ቦዩ ዳር ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩን። ከዚያ በምርኩዛቸው ወደ ላይ አመለከቱና «ልጄ፣ ጨፌ እንደ ሰው ነው። ራስ አለው፣ ሆድ አለው፣ አንገት አለው። ከሆዱ እየከፈትክ እየዘጋህ ብላ። ራሱንና አንገቱን ግን ተውለት» አሉኝ። በትህትና አዳመጥኳቸው። ሲሄዱ ግን ምክራቸውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ቁፋሮዬን ቀጠልኩ። ትልቁ ስህተቴ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ከሱ ተከትሎ የመጣ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ምርት ለጉድ ነበር። ከግማሽ ሄክታር አስራ ስድስት ኩንታል በቆሎ ገባ፣ ያውም ያለ ማዳበሪያ። ሐምሌ ላይ ሰው ሁሉ ጎተራው ባዶ ሲሆን እኛ እሸት ጠብሰን በላን። ቤቴን ቆርቆሮ አለበስኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን የገባኝ ኋላ ነው። ደስ ስላለን ጨመርን። በቆሎው እንደተነሳ ቦዩን ዘግቶ ውሃ እንዲመለስበት ማድረግ ሲገባ፣ ክፍት አድርገን ጤፍ ዘራንበት። ጤፉ ሲታጨድ ከብት ለቀቅንበት። ዳሩን ደግሞ ባህር ዛፍ ተከልን፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ይሸጣል ብለን። እነዚህን ሦስቱን አስታውሱልኝ። ዓመቱን ሙሉ ማረስ፣ ከብት መልቀቅና ባህር ዛፍ። እያንዳንዳቸው ጨፌ ይጎዳሉ፣ ሲደመሩ ግን ይገድሉታል።

ምልክቱን መጀመሪያ ያሳየኝ ችካል ነው። አባቴ ድንበር ላይ የተከለው የወይራ ችካል ነበር፣ ልጅ ሆኜ ቁመቴን የምለካበት። በአራተኛው ዓመት ሳየው ከፍ ብሎብኛል። ስሩ፣ ድሮ አፈር ውስጥ የነበረው ጥቁሩ ክፍል፣ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ወጥቷል። ሰው ነቅሎት መልሶ የተከለው መስሎኝ ነበር። ለካ ችካሉ አልተነሳም፤ መሬቱ ነው የወረደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ጥቁር አፈር ፈረንጆቹ ፒት የሚሉት ነው። ቄጠማው ሲሞት ውሃ ውስጥ ስለሚወድቅ አየር አያገኘውም፣ ሙሉ በሙሉ አይበሰብስም። ዓመት በዓመት ይደራረባል። የሚጨምረው በዓመት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። እስከ ደረቴ የቆፈርኩት ቦይ ያለፈው ከሺህ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ነገር ውስጥ ነው ማለት ነው። ውሃው ሲወጣ አየር ይገባል፣ ያ ሁሉ መበስበስ ይጀምራል፣ መሬቱም ይሟሽሻል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት የሚያምረው ለዚህ ነው። የምንበላው የዓመቱን ምርት ብቻ አልነበረም፣ የሺህ ዓመቱን ቁጠባም ነበር። በአምስተኛው ዓመት ከዚያው ግማሽ ሄክታር አምስት ኩንታል አልሞላም።

በየካቲት 1995 ዓ.ም. አገዳውን ለማጽዳት እሳት ለቀቅኩበት። ሁልጊዜ የማደርገው ነው፣ ማታ ጠፍቶ ያድራል። በነጋታው ስሄድ ሜዳው ላይ ነበልባል የለም፤ ግን በየቦታው ከመሬት ውስጥ ቀጭን ጭስ ይወጣል። አንዱ ጋ ለማየት ጠጋ ስል እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ። ውስጡ ረመጥ ነበር። ጫማዬ ተረፈ፣ ቆዳዬ ግን ተላጠ፣ ጠባሳው ዛሬም አለ። ላዩ ደህና መሬት ነው፣ ስሩ ግን እየነደደ ይሄዳል። በባልዲ ብናፈስበት ውሃው ላዩ ላይ ተንከባሎ ይወርዳል፣ አይጠጣውም። ለአስራ አንድ ቀን ጨሰ። የሰፈሩ ልጆች በጭሱ ሲያስሉ ክፍል ውስጥ እሰማቸው ነበር። ያጠፋነው ዙሪያውን እስከ ሸክላው ድረስ ቆፍረን በመክበብ ነው። እባካችሁ፣ በደረቀ ረግረግ ላይ እሳት አትልቀቁ፣ ለአንዲት ቀንም ቢሆን። ከተነሳ ደግሞ ላዩን ማርጠብ ዋጋ የለውም፤ ቶሎ በቦይ ክበቡት።

ከወር በኋላ ምንጩ ደረቀ። ሴቶቹ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጀሪካን ያሰልፉ ነበር፣ ከዚያ ጭራሹን ቆመ። ማዶ ካለው ወንዝ ለመቅዳት ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዲት ጎረቤታችን፣ ልጇን አስተምሬላት የማውቅ ሴት፣ ጀሪካኗን አወረደችና «ቲቸር፣ ለልጆቻችን ፊደል አስቆጠርክልን። ምንጫችንን ግን ደፈንክብን» አለችኝ። አልጮኸችም። የምመልሰው አልነበረኝም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም።

በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌ ይዤ አባ ለጋው ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ስጠይቃቸው ያሉኝ «ነገ ጠዋት ና» ብቻ ነው። ጠዋት ይዘውኝ ጨፌውን ከራስ እስከ አንገት ዞርን። ራሱ፣ ውሃው ከኮረብታው ስር የሚገባበት ቦታ፣ ቄጠማው ካልተነካ ውሃውን እየመጠጠ ቀስ አድርጎ ይለቃል። አንገቱ፣ መውጫው፣ በቄጠማ ከተያዘ ጎርፍ አይሰነጥቀውም። ከላይ ያለው የቡና ጫካ ካለ ኮረብታው ውሃ ያጠጣዋል። እኔ ራሱን ቀድጄ፣ አንገቱን ሰንጥቄ፣ ጫካውን ለማገዶ አመናምኜ ነበር። ሽማግሌው የነገሩኝ ሁሉ ኋላ ላይ ባለሙያዎችም ሲናገሩት ሰማሁት። ለካ እኛ ቦይ ስንቆፍር በነበረበት በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ተመራማሪዎች ኢሉባቦር መጥተው የጨፌን ጉዳይ ገበሬውን እየጠየቁ ያጠኑ ነበር። ትልቁን እውቀት ያገኙት ከገበሬው ነው። እኔ ደጄ ያለውን ሰው አልጠየቅኩም።

መመለሱ ከማድረቁ ይከብዳል። ይህን አልደብቃችሁም። በሰኔ 1995 በደቦ ወጥተን ትልቁን ቦይ መውጫው ላይ በአንድ ትልቅ ግድብ ዘጋነው፤ በግንድ፣ በድንጋይና አፈር በተሞላ ጆንያ። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ጎርፍ ጠራርጎ ወሰደው፤ የአንድ ሰው በቆሎም ይዞ ሄደ። ሰው ተስፋ ቆረጠ። አባ ለጋው ግን «ውሃን በአንድ እጅ አትይዘውም» አሉን። በሚቀጥለው በጋ ከላይ ጀምረን፣ በየሃያ እርምጃው ዝቅ ያለ እርከን ሰራን። ሁለት ረድፍ እንጨት ተክለን መሃሉን ከነሥሩ በተቆረጠ ቄጠማ ሞላነው። እያንዳንዱ ከጉልበት አይበልጥም። ውሃው ከአንዱ ወደ አንዱ እንደ ደረጃ ይወርዳል። ክረምቱን አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ቄጠማው ራሱ እርከኖቹን ሸፈናቸው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው አያምነኝም። አንዴ ክው ብሎ የደረቀ ፒት ውሃ ስትሰጡት ወዲያው አይመለስም። ከተቃጠለው ሜዳ አንድ ጓል አንስቼ ባልዲ ውስጥ ጣልኩት። እንደ ቡሽ ተንሳፈፈ። በማግስቱ ሰበርኩት፣ መሃሉ እንደ ዱቄት ደረቅ ነው። ስለዚህ እሳት የበላው ቦታ ዛሬም ቄጠማ አያበቅልም፣ ጎድጉዶ ቀርቷል። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚሉት አባቶቻችን ይህን ያዩ ይመስለኛል።

ምንጩ በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። የነገረችኝ ያቺው ጎረቤታችን ናት፣ ሩጣ መጥታ። ዛሬ በጋውን ሙሉ አይቋረጥም፣ መጠኑ ግን እንደ ድሮው አይደለም። የቀድሞውን አገኘን ብዬ አልዋሽም።

ከሁሉ የከበደው ሰው ነው። ጨፌው ይከበር ስንል፣ ከጨፌው ሌላ መሬት የሌላቸው ሦስት ቤተሰቦች ነበሩ። «እናንተ ኮረብታ ላይ ማሳ አላችሁ፣ እኛ ምን እንብላ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ ላይ በቅጣት ልናስገድዳቸው ሞከርን፤ ሌሊት እርከን አፈረሱብን። ከዚያ ተቀምጠን ተነጋገርን። የጠርዙን በቆሎ ለእነሱ ቅድሚያ ሰጠን፤ ከጥር እስከ ሐምሌ ይከፍታሉ፣ እሸቱ እንደተነሳ ይዘጋሉ። ቄጠማ አጭዶ የመሸጥ ተራውም ለእነሱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እርከኑን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ባህር ዛፉ ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። እኔ የራሴን ቆርጫለሁ። ሁለት ጎረቤቶቼ ልጅ ሊድሩበት ያስቡታልና አልጨክንባቸውም፣ ግን በየዓመቱ እጠይቃቸዋለሁ። ደንብ ስታወጡ መጀመሪያ ማን እንደሚራብ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ደንቡ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ስለ ኢንዶኔዥያ አነበበችልኝ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የዚያ አገር መንግስት ካሊማንታን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ሄክታር ፒት አድርቆ ሩዝ ሊዘራ ተነስቶ ነበር። ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ ቆፈሩ። ሩዙ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1997 የደረቀው መሬት ተቃጠለ፣ ጭሱ ሲንጋፖርና ማሌዥያ ደረሰ። በዚያ ዳያክ የሚባሉት ነዋሪዎች ከጫካውና ከዓሣው ነበር የሚኖሩት። ዛሬ እዚያም መንደርተኛው በእንጨት እርከን ቦይ እየዘጋ ነው። ስታነብልኝ ጠባሳዬን እያሻሸሁ ነበር። በኮንጎ ተፋሰስ ያለው ፒት ደግሞ ገና እርጥብ ነው። ሳይንቲስቶች ስፋቱን ለክተው እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ አደረጉ፤ 145,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ በውስጡ 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርበን ይዟል፤ ፒቱ ቢደርቅ ካርበኑ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። የአካባቢው ሰው ግን ዓሣ እያጠመደ፣ ጫካውን እየተጠቀመ ሲኖርበት ቆይቷል። የኛ ጨፌ ከዚያ አጠገብ ነጥብ አይሆንም። ግን ሲደርቅ የሚያደርገው ያው አንድ ነው።

ተማሪዬ በስልክ «ታዲያ ቲቸር፣ ከየት ልጀምር?» ብሎኝ ነበር። ባለሙያ ከመጥራትህ በፊት ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ይዘህ ውረድ አልኩት። በበጋ፣ ደረቁ ሲበረታ፣ ውሃ የት እንደሚቀር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ምንጮቹን በችካል ምልክት አድርግ፣ ከዚያ የቦዩን እቅድ በላዩ አስቀምጥ።

ትናንት ማታ ደወለ። ሴቶቹ አራት ምንጭ አሳይተውታል። የታሰበው ቦይ የሚያልፈው ከሦስቱ ምንጮች ራስጌ ነው። ሰዉ ቁፋሮውን ለጊዜው አቁሞ እሁድ ለስብሰባ ተጠርቷል፣ እኔንም ናልን ብለዋል። ዛሬ ጠዋት ከተቃጠለው ሜዳ ሁለት ጓል አንስቼ በፌስታል ቋጠርኩ። ባልዲና ውሃ እዚያው አያጣም።